ግፊትና ለትእዛዝ የማይገዛው ነርቭ

አንድ ሰው «ግፊት አለብህ» ተብሎ ከጤና ጣቢያ ሲመለስ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚሰጠው ምክር ስለ ጨው ወይም ስለ መድኃኒት አይደለም። «በል እንግዲህ አትናደድ፤ ሐሳብም አታብዛ» ይባላል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አከብረዋለሁ። ግን በሽተኛው ሊወጣው የማይችለውን ሥራ ይጭንበታል። ግፊትን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ነርቭ ባለቤቱን አስፈቅዶ አይሠራም። እጃችንን «ተነሥ» ብንለው ይነሣል፤ ልባችንን «ቀስ በል» ብንለው አይሰማም። በሚቀጥለው ወር ግፊቱ ወጥቶ ሲገኝ ደግሞ «አልነገርንህም ነበር? መቼ ትሰማለህ!» የሚል ወቀሳ ይከተላል። ሰውየው በበሽታው ላይ ጥፋተኝነት ይጨመርበታል።

*

ጠዋት ከአልጋችን ስንነሣ ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ከደረት ወደ ሆድና ወደ እግር ይወርዳል። ዝም ብሎ ቢተው ኖሮ አንጎላችን ደም እያጣ በየማለዳው እንወድቅ ነበር። የማንወድቀው የግፊትን ለውጥ የሚከታተሉ የነርቭ ጫፎች ስላሉን ነው። የተቀመጡትም አንገታችን ውስጥ፣ ወደ አንጎል የሚወጣው ደም ሥር ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፣ እንዲሁም ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ቅስት ላይ ነው። መልእክታቸው ወደ አንጎል ግንድ ይደርሳል፤ ከዚያ ምላሽ ይወጣል፤ ልብ ይፈጥናል፤ የደም ሥሮች ይጠባሉ። ይህ ሁሉ ነጠላ ጫማችንን ፈልገን እግራችንን እስክናስገባ ድረስ አልቋል።

አዛውንቶች ድንገት ሲነሡ የሚያዞራቸው ብዙውን ጊዜ ይህ ምላሽ ስለሚዘገይባቸው ነው። አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶችም ያዘገዩታል። ስለዚህ አባባን «ቶሎ ይነሡ እንጂ» ማለት ተገቢ አይደለም። አልጋው ጠርዝ ላይ እግራቸውን አውርደው ጥቂት ይቀመጡ፤ ከዚያ ይነሡ።

*

ይህ ያለ ፈቃዳችን የሚሠራው ነርቭ ሁለት ክፍል አለው። ሲምፓቴቲክ የሚባለው ሰውነትን ለሩጫና ለግብግብ ያሰናዳል፤ ልብን ያፈጥናል፤ የደም ሥርን ያጠባል። ፓራሲምፓቴቲክ የሚባለው ልብን ያረጋጋል፤ የምግብ መፈጨትን ያግዛል። ብዙ ሰው ሲምፓቴቲኩ ስንቆጣ ወይም ስንደነግጥ ብቻ የሚነሣ ይመስለዋል። እንዲህ አለመሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። በ1851 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳዊው ክሎድ ቤርናር ጥንቸል አንገት ውስጥ የሚያልፈውን የሲምፓቴቲክ ነርቭ በአንድ ወገን ቆረጠ። በዚያው ወገን ያለው ጆሮ ሞቀ፤ የደም ሥሮቹ ሰፍተው ቀላ። ነርቩ ሳይቆረጥ በፊት ሥሮቹን ጠበብ አድርጎ ይዟቸው ኖሯል ማለት ነው።

በ1960ዎቹ ደግሞ በስዊድን ኡፕሳላ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ጫፉ ከፀጉር የቀጠነ መርፌ በነቃ ሰው እግር ነርቭ ውስጥ አስገብተው የነርቩን ምት መቅዳት ቻሉ። በዚህ መንገድ ሲለኩ ግፊት ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ፣ በተለይም ወጣቶቹና ከመጠን በላይ የወፈሩት፣ አርፈው ተኝተው እንኳ ነርቫቸው ከጤነኞቹ በላይ ሲመታ ተገኝቷል። ሰውየው አልተቆጣም፤ አልፈራም፤ ነርቩ ግን ሥራ ላይ ነው። ፊቱ የተረጋጋ ሰው ግፊት የለበትም ብለን የምንደመድም ሁሉ ይህን ልናስብበት ይገባል።

*

ስለ ግፊትና ስለ ንዴት ሲወራ ሰው ሁሉ እጁን ልቡ ላይ ያደርጋል። ኩላሊት የሚታወሰው የለም። የነገሩ ቁልፍ ግን እዚያ ነው።

ድንጋጤ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ውሻ ሲጮኽብን የወጣ ግፊት ውሻው ሲሄድ ይወርዳል። ታዲያ የዓመታት ግፊት ከየት ይመጣል? ሲምፓቴቲክ ነርቭ ወደ ኩላሊትም ይገባል፤ እዚያም ሦስት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ሥር ያጠባል። ሁለተኛ፣ ሬኒን የተባለው ንጥረ ነገር እንዲወጣ ያደርጋል፤ ሬኒንም በተራው የመላ ሰውነትን የደም ሥሮች የሚያጠብ ሌላ ንጥረ ነገር እንዲፈጠር መንገድ ይከፍታል። ሦስተኛ፣ በሽንት መውጣት የነበረበት ጨው ወደ ደም እንዲመለስ ያዛል፤ ጨው የተመለሰበት ውኃ ይከተላል። የደቂቃዎች የነበረው ጉዳይ የወራትና የዓመታት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

«የእኔ ግፊት የንዴት ነው፤ ጨው አያገባውም» የሚሉ አሉ። ኩላሊት ውስጥ ነርቩና ጨው አንድ ላይ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ በደንብ አይሞላም። በርበሬው ውስጥ የገባው፣ ሽሮው ውስጥ የገባው፣ በአንዳንድ አካባቢ ቡናው ውስጥ የሚጨመረውም ጭምር ከዚያው ይቆጠራል።

*

አንገታችን ውስጥ ያሉት የግፊት ተከታታዮች ግፊት ሲወጣ ማውረድ ሥራቸው ከሆነ የግፊት በሽተኛውን ለምን አያድኑትም? በ1956 ማክከቢን፣ ግሪንና ፔጅ የተባሉ ተመራማሪዎች ግፊት እንዲይዛቸው በተደረጉ ውሾች ላይ መልሱን አሳዩ። ተከታታዮቹ ከፍ ያለውን ግፊት ይለምዱታል። ሌባው በየቀኑ በበሩ ሲገባ ሲወጣ ያየ ዘበኛ ቤተኛ ነው ብሎ ዝም እንደሚለው፣ እነዚህም ከፍ ያለውን ግፊት፣ ለምሳሌ 160ን፣ እንደ ትክክለኛ ልክ ይይዙታል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቁት 160ን ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ግፊት ለዓመታት ሲወጣ ባለቤቱ ምንም አይሰማውም፤ «ጤነኛ ነኝ» ሲል እየዋሸ አይደለም። መድኃኒት ሲጀምር ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድካም ድካም ይለዋል፤ ያዞረዋል፤ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ ይተወዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ አዲሱን ልክ እየለመደ ነው። ይህን ለበሽተኛው አስቀድሞ መንገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ያልተነገረው ሰው ግን ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ይረሳዋል።

*

በአንድ ጤና ጣቢያ መለኪያ ክፍል ውስጥ ያየሁትን ልጻፍ። አንዲት እናት ታክሲ ተጋፍተው፣ ካርድ ክፍል ተሰልፈው፣ ደረጃ ወጥተው መጡ። ገና ትንፋሻቸው አልተመለሰም። ሲስተሯ ክንዳቸው ላይ ጨርቁን ስታስር እሳቸው ሥራ ስላጣው ልጃቸው ማውራት ጀመሩ። ክንዳቸው ተንጠልጥሏል፤ የሹራባቸው እጅጌ ተጠቅልሎ ክንዳቸውን አንቋል። መለኪያው 168 በ96 አለ።

ሲስተሯ አልጻፈችውም። «እማማ፣ ሽንት ቤት ደርሰው ይምጡ፤ ከዚያ እዚህ ወንበር ላይ ጀርባዎን ደገፍ አድርገው አምስት ደቂቃ ያርፉልኝ» አለቻቸው። ሲመለሱ ሹራቡን አስወለቀቻቸው፤ ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ በልባቸው ትክክል አሳረፈችው፤ እግራቸውን እንዳያነባብሩ ነገረቻቸው። «አሁን አያውሩ፤ ስጨርስ ያጫውቱኛል።» 146 በ88 ሆነ። ደግማ ለካችና ሁለቱን ጻፈች።

146ም ቢሆን ከፍ ያለ ነው፤ ክትትል ይፈልጋል። ግን በ168 የሚወሰነው ውሳኔና በ146 የሚወሰነው አንድ አይደለም። ማውራት፣ የተወጠረ ፊኛ፣ የተንጠለጠለ ክንድ፣ ደረጃ መውጣት፣ እያንዳንዳቸው ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ያች ሲስተር ያደረገችው ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም። የጠየቀው አምስት ደቂቃና አንድ ባዶ ወንበር ነው። ወረፋው ረጅም መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን በስሕተት የተለካ ግፊት ወረፋውን የባሰ ያረዝመዋል፤ በሽተኛው ያለ አስፈላጊነት ተመልሶ ይመጣልና።

*

ሐኪምን ማየት ብቻውን ግፊት ያወጣል። በ1983 ጣሊያናዊው ጁሴፔ ማንቻና ባልደረቦቹ ሆስፒታል የተኙ ሰዎችን ግፊት በቀጥታ ከደም ሥራቸው ያለማቋረጥ እየቀዱ ሐኪም ወደ ክፍሉ እንዲገባ አደረጉ። በመጀመሪያዎቹ አራት ደቂቃዎች ውስጥ የላይኛው ቁጥር በአማካይ 27 ነጥብ ያህል ወጣ፤ የልብ ምትም አብሮ ፈጠነ። ሐኪሙ የሠራው ነገር ቢኖር ገብቶ መለካት ነው።

ተቃራኒውም አለ። ሐኪም ፊት ደህና የሆነ ግፊት ቤትና ሥራ ቦታ የሚወጣባቸው ሰዎች አሉ፤ እነዚህ «ነጻ ነህ» ተብለው ስለሚሸኙ አደጋቸው የከፋ ነው። ለሁለቱም መፍትሔው አንድ ነው፤ ቤት ውስጥ፣ በተረጋጋ ሰዓት፣ በተለያዩ ቀናት ለክቶ ጽፎ ለሐኪም ማሳየት። በቀጣዩ ሰርግ ወይም ክርስትና ለወላጆች ጋቢ ከምንገዛ በክንድ ላይ የሚታሰር መለኪያ ብንገዛላቸው ይጠቅማቸዋል።

*

በማርች 1944 ሃዋርድ ብሩን የተባለ የልብ ሐኪም የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልትን መረመረ። ግፊታቸው 186 በ108 ነበር። በዚያ ዘመን በእጁ የነበረው ዕረፍት፣ ጨው መቀነስ፣ ለልብ ድካም የሚሰጥ ዲጂታሊስና የሚያረጋጋ መድኃኒት ነው። የዓለም ጦርነት የሚመራን ሰው «አይጨነቁ» ብሎ ማከም ነበር የቀረው። ፕሬዚዳንቱ በፌብሩዋሪ 1945 ያልታ ድረስ ተጉዘው ከቸርችልና ከስታሊን ጋር ተሰብስበዋል። ኤፕሪል 12 ቀን 1945 ጆርጂያ ውስጥ ዋርም ስፕሪንግስ በተባለው ቦታ አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ በ63 ዓመታቸው አረፉ። የዚያን ዕለት የተለካው ግፊት 300 በ190 ነበር።

ዛሬ በማናቸውም የወረዳ ጤና ጣቢያ የሚታዘዘው አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ለእኚያ ሰው አልተገኘላቸውም። እኛ ግን ኪሳችን ውስጥ ይዘነው እንረሳዋለን።

*

በዚያው ዘመን ቦስተን ውስጥ ሬጂናልድ ስሚዝዊክ የተባለ ቀዶ ሐኪም ግፊት ያጠቃቸውን ሰዎች በቢላዋ ያክም ነበር። ከአከርካሪ ጎን ለጎን የሚወርደውን የሲምፓቴቲክ ነርቭ ከደረት እስከ ወገብ ቆርጦ ያወጣል። በ1953 ከ1,200 በላይ ታካሚዎችን የያዘ ውጤት አሳተመ፤ ነርቩ የተቆረጠላቸው ሰዎች በዚያ ደረጃ ታመው ካልተቆረጠላቸው የበለጠ በሕይወት ቆይተዋል። ነርቩ በግፊት ላይ ያለው ሥልጣን ከዚህ በላይ በግልጽ አልታየም። ዋጋው ግን ከባድ ነበር፤ ሲነሡ ራስን መሳት፣ ላብ መቋረጥ፣ በወንዶች ላይ የወሲብ ችግር።

ከዚያ በኋላ ነርቩን ሳይቆርጡ መልእክቱን የሚከለክሉ መድኃኒቶች መጡ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ በ1960ዎቹ ፕሮፕራኖሎልን አገኘ፤ በ1988 የኖቤል ሽልማት ተሸለመበት። በዚያው ዘመን የመጣው ሜቲልዶፓ ዛሬም በአገራችን ነፍሰ ጡር እናቶች ግፊት ሲይዛቸው ይታዘዛል። የሁለትን ሰው ሕይወት የሚጠብቅ ክኒን ነው። የዛሬዎቹ የመጀመሪያ ምርጫ መድኃኒቶች ግን በአብዛኛው ነርቩን በቀጥታ አይነኩም፤ የደም ሥርን ያላላሉ ወይም ጨውን ያስወጣሉ። ነርቩ ትልቅ ድርሻ ቢኖረውም ብቻውን አለመሆኑን ይህ ያሳያል። ዘር አለበት፤ ዕድሜ አለበት፤ ውፍረት አለበት፤ ኩላሊት አለበት።

*

ግፊት የዕድሜ ዕዳ ነው ይባላል። ኡምብሪያ በተባለው የጣሊያን ክፍለ ሀገር ከዓለም ተለይተው የሚኖሩ 144 መነኮሳይያት ለ20 ዓመት ተከታትለው ተለክተዋል። በዚያው አካባቢ በዓለም የሚኖሩ ሴቶች ግፊት ከዕድሜያቸው ጋር እየወጣ ሲሄድ የመነኮሳይያቱ ባለበት ቆየ። ውጤቱ በ1988 ታተመ። በሁለቱ ወገን የሚበላው ጨው ልዩነት አልነበረውም። የተለየው ጸጥታው፣ ሥርዓት ያለው ቀንና ሌሊት፣ ከሽኩቻ የራቀው ኑሮ ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ የተደረገው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ከምዕራብ ኬንያ ገጠር ወደ ናይሮቢ የገቡ የሉዎ ተወላጆችን የተከታተለ ጥናት በ1990 ታተመ። ከተማ በገቡ በጥቂት ጊዜ ግፊታቸው ገጠር ከቀሩት ዘመዶቻቸው በለጠ። ጨው ጨምረዋል፤ ክብደትም ጨምረዋል። የልብ ምታቸውም ፈጥኗል፤ ተመራማሪዎቹ ይህን ያለ ፈቃድ የሚሠራው ነርቭ የመነሣቱ አንዱ ምልክት አድርገው አይተውታል። ከገጠር አዲስ አበባ ገብቶ ቤት ኪራይ፣ ሥራ ፍለጋና የትራንስፖርት ሰልፍ የሚጠብቀውን ወጣት አስቡት። ሃያ አምስት ዓመት ስለሆነው ብቻ ግፊቱን የሚለካለት የለም።

*

ጫት። የእርጥቡ ቅጠል ዋና ኃይል ካቲኖን ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ላቦራቶሪ በ1975 ለይቶ አወጣው። ቅጠሉ ሲደርቅ ይደክማል፤ ከአወዳይ የሚነሣው ጭነት ያን ያህል የሚጣደፈው ለዚህ ነው። ካቲኖን ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሲምፓቴቲክ ነርቭ ጫፎች የያዙትን ኖርአድሬናሊን እንዲለቁ ያደርጋል። ልብ ይፈጥናል፤ የደም ሥር ይጠባል፤ ግፊት ይወጣል፤ ይህም ለሰዓታት ይቆያል። ምርቃና ላይ ያለ ሰው የሚሰማው ደስታና ንቃት፣ ደረቱ ውስጥ የሚሰማው ምትም፣ የዚያው የአንድ ቅጠል ሥራ ናቸው።

በዚያ ላይ ሲጋራ፣ ጨው የበዛበት ለውዝ፣ ቡና፣ ያልተተኛ ሌሊት ይጨመራል። ከዚያም ጨብሲ የሚሉት መጠጥ ይከተላል። የግፊት መድኃኒት እየወሰደ ከሰዓት በኋላውን የሚቅም ሰው በጠዋቱ ክኒን ያወረደውን በከሰዓቱ ቅጠል ያወጣዋል። ሐኪሞች «ትቅማለህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ስትጠይቁም ሰውየው እንዳይዋሽ ፊታችሁ አይጨማደድ። ስለ ባህል፣ ስለ ገበሬው ገቢ የሚባለውን ሁሉ አውቃለሁ። ግፊት ላለበት ሰው ግን መልሱ አንድ ነው፤ ይተው።

*

ቡና ላልለመደው ሰው ግፊትን ለጥቂት ሰዓት ያወጣል፤ ለለመደው ግን ለውጡ ያነሰ ነው። አቦል ጠጥቶ ወዲያው አለመለካት፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል። የበለጠ የሚያሳስበኝ ለጉንፋን ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛው አፍንጫ የሚከፍት ክኒን ነው። ሱዶኤፌድሪንና ፌኒሌፍሪን አፍንጫን የሚከፍቱት የደም ሥርን በማጥበብ ነው፤ የሚያጠቡት ደግሞ የአፍንጫን ብቻ አይደለም። ግፊት ያለበት ሰው «ግፊት አለብኝ» ሳይል የጉንፋን መድኃኒት አይግዛ።

*

ጤነኛ ሰው ሲተኛ ግፊቱ ከቀኑ ከመቶ 10 እስከ 20 እጅ ይቀንሳል። ይህ የነርቩ የዕረፍት ሰዓት ነው። ሌሊት ግፊታቸው የማይወርድላቸው ሰዎች ለልብና ለአንጎል አደጋ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ሁለት ነገር ይህን ዕረፍት ይቀማል። አንዱ እያንኮራፉ ትንፋሽ ቁርጥ ማለት ነው። ጉሮሮ ሲዘጋ ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ነርቩ ይነሣል፤ ግፊት ይወጣል፤ ሰውየው ሳይነቃ ይህ በሌሊት ደጋግሞ ይሆናል። ሦስትና አራት መድኃኒት ወስዶ ግፊቱ አልወርድ ያለው ሰው ሚስቱን ይጠይቅ፤ እሷ ታውቃለች።

ሌላው ጩኸት ነው። አውሮፓ ውስጥ በአውሮፕላን ማረፊያዎች አካባቢ ተደርጎ በ2008 የታተመ ጥናት፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የተኙ ሰዎች የላይኛው ግፊት በአማካይ ስድስት ነጥብ ያህል እንደሚወጣ አሳየ። ሰዎቹ አልነቁም፤ ነርቩ ግን ሰምቷል። መኖሪያ ሰፈር መካከል ድምፅ ማጉያ ከፍቶ እስከ ንጋት የሚያስጮኽ መጠጥ ቤት የእንቅልፍ ብቻ ሳይሆን የጤና ጥያቄ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው አካል በዚህ ዓይን ሊያየው ይገባል።

*

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ቀን አንድ፣ ሌሊት ሌላ ሥራ ደብል ይሠራሉ፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቤት ውስጥ የሚሠሩ እህቶቻችን ደግሞ ከሁሉ በኋላ ተኝተው ከሁሉ በፊት ይነሣሉ። እንቅልፍ ያጠረው ሰው ነርቩ አያርፍም፤ ግፊቱም ሌሊት መውረዱን ይተዋል። ከአገር ቤት ስልክ ስንደውል «ብር ላኪ» ከማለታችን በፊት «ትተኛለሽ ወይ? ግፊትሽን ተለክተሽ ታውቂያለሽ?» ብንል መልካም ነው።

*

ነርቩ ትእዛዝ አይሰማም ብያለሁ። አንድ የተከፈተ በር ግን አለ፤ ትንፋሽ። ትንፋሽ ሳናስበውም ይሠራል፤ ስናስበውም እሺ ይላል። በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል በዝግታ ሲተነፈስ ግፊት ተከታታዮቹ ይበልጥ ንቁ ይሆናሉ፤ ሲምፓቴቲኩ ይበርዳል። በ2001 የጣሊያኑ ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ መቁጠሪያ ይዘው በላቲን የሚጸልዩ ሰዎችን ሲለኩ ትንፋሻቸው ወደዚሁ ስድስት ዝቅ ብሎ አገኙት። የእኛ ማሕሌትም፣ ዚክርም፣ ረጅም ትንፋሽ የሚጠይቁ ናቸው። ለነፍስ የሚደረገው ጸሎት ሥጋን ማሳረፉ መልካም ነው። ነገር ግን ዝግ ያለ ትንፋሽ የሚያወርደው ጥቂት ነጥብ ነው። 180ን አያክምም።

*

የስሚዝዊክ ሐሳብ በሌላ መልክ ተመልሷል። በደም ሥር ውስጥ ቀጭን ቱቦ ወደ ኩላሊት ተልኮ በዙሪያው ያሉት ነርቮች በሙቀት ይዳከማሉ። መጀመሪያ ውጤቱ ብዙ ተወራለት። በ2014 ግን የታተመ ትልቅ ጥናት፣ ሕክምናው የተደረገላቸው ሰዎች፣ ሳይደረግላቸው የተደረገላቸው ከመሰላቸው በግልጽ የተሻለ ለውጥ እንዳላገኙ አሳየ። ተመራማሪዎቹ መሣሪያውንና አሠራሩን አሻሽለው ደገሙት፤ በኖቬምበር 2023 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ሁለት መሣሪያዎችን ፈቀደ። የሚቀንሰው ግን ጥቂት ነጥብ ነው፤ ክኒኑንም አያስቀርም። ከዚህ የምማረው የጥንቃቄን ዋጋ ነው። በየሳምንቱ በማኅበራዊ ሚዲያ «ግፊትን በሦስት ቀን የሚያጠፋ» እየተባለ የሚሸጠው ዱቄትና ቅጠል እንዲህ ያለ ፈተና አልፎ አያውቅም።

*

ጸበል ለመሄድ መድኃኒታቸውን የሚያቆሙ ሰዎች አውቃለሁ። እምነታቸውን አከብራለሁ። ጸበሉ ክኒኑን ጣል አይልም፤ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል። በተለይ በነርቩ ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶች፣ እንደ አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎልና ክሎኒዲን ያሉት፣ በድንገት ሲቆሙ ታፍኖ የቆየው ነርቭ በኃይል ይነሣል፤ ግፊቱ ከቀድሞው በላይ ሊወጣ፣ ልብም ሊጎዳ ይችላል። ማቆም ካስፈለገ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

*

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2019 በዓለም ላይ ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች 1.28 ቢሊዮኑ ግፊት ነበረባቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ ከመቶ 46ቱ እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። በአገራችን በ2015 የተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከመቶ 16 ያህሉ አዋቂ ከፍ ያለ ግፊት እንዳለበት አሳይቷል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የግፊት በሽተኛን «ለምን ትናደዳለህ» ብለህ አትውቀሰው፤ ነርቩ በእሱም በአንተም ትእዛዝ አይሠራም። በትእዛዛችን ያሉት ሌሎች ናቸው፤ ጨው፣ ጫት፣ እንቅልፍ፣ የሰፈር ጩኸት፣ የወንበር አቀማመጥ፣ በሰዓቱ የሚዋጥ ክኒን። በዚህ ሳምንት ተለካ። አርፈህ፣ ሳታወራ፣ ሁለት ጊዜ ተለካ። የአባትህንና የእናትህንም አስለካ። መድኃኒት ታዞልህ ከሆነ ደህና ስለሆንክ አታቁመው፤ ደህና የሆንከው እሱን ስለወሰድክ ነው።